ጧሪና ቀባሪ ብቻ አይበቃም

በሀገራችን ስለ እርጅና ሲነገር ሁለት ቃላት እንደ መንታ ልጆች ተያይዘው ይጠራሉ፤ ጧሪና ቀባሪ። ልጅ የሌለው ሰው «ጧሪ ቀባሪ የለኝም» ብሎ ያዝናል፤ ልጅ ያለውም «ጧሪ ቀባሪ አታሳጣኝ» ብሎ ፈጣሪውን ይለምናል። ጡረታ የሚለው ስም ራሱ የወጣው መጦር ከሚለው ቃል ነው። እንግዲህ ዛሬ የመጦሩን ሥራ በከፊል የጡረታ ሕግ ወስዶታል። ቀድሞ የመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ያገኝ የነበረውን ይህን መብት፥ በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ለግል ድርጅት ሠራተኞችም አዳርሶታል። የመቀበሩን ሥራ ደግሞ የሰፈር ዕድር ይዞታል፤ ድንኳኑን ይተክላል፥ ወንበሩን ያመጣል፥ ለቀስተኛውን ያስተናግዳል። ሁለቱም ምስጋና የሚገባቸው ናቸው።

ነገር ግን በመጦርና በመቀበር መካከል ብዙ ዓመታት አሉ። አንድ ሰው በ60 ዓመቱ ጡረታ ወጥቶ እስከ 80 ዓመቱ ቢኖር፥ ከ1,000 በላይ ቅዳሜዎች ያልፋሉ። እነዚህን ቅዳሜዎች ከማን ጋራ ያሳልፋቸዋል? በእኔ አስተያየት ሽማግሌ ሰው ከጧሪና ከቀባሪ ሌላ ሦስተኛ ሰው ያስፈልገዋል፤ እርሱም አብሮት የሚሄድ ወዳጅ ነው። ይህ ወዳጅ በምኞት ብቻ አይገኝም። ቀን ተቆርጦለት፥ መንገድ ተመርጦለት፥ በእግር ተሂዶ የሚገኝ ነው። ይልቁንም እኛ ተማሪዎች በዚህ ነገር ውስጥ ድርሻ አለን ብዬ ስለማምን፥ አሳቤን ለክፍል ጓደኞቼ፥ ለመምህራኖቼና ለወላጆች ለማቅረብ ፈቀድሁ።

ይህን የምናገረው ከመጽሐፍ ብቻ ተነሥቼ አይደለም። ከ9ኛ ክፍል መጨረሻ ጀምሮ፥ እነሆ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፥ በቀራንዮ አካባቢ ከሚኖሩ ጡረተኞች ጋራ በየቅዳሜው በእግር እሄዳለሁ። ወደ እነርሱ የወሰደኝ አያቴ ነው። አያቴ በመንገድ ሥራ በቀያሽነት ከ30 ዓመት በላይ አገልግሎ የወጣ ሰው ነው። ጓደኞቹ ቁጥራቸው 14 ነው። ከእነርሱ መካከል አንድ የታሪክ መምህር፥ አንድ ሻለቃ፥ አንድ ድሬሰር፥ ሁለት የአውቶቡስ ሾፌሮች፥ አንድ ሸማኔና በመርካቶ የጨርቅ ንግድ የነበራቸው ሐጂ ይገኛሉ። ብዙዎቹ በጎልማሳነታቸው በሰፈሩ የጤና ቡድን ውስጥ ኳስ ይጫወቱ ነበር። ጉልበታቸው ኳሱን እምቢ ባለ ጊዜ ኳሱን ተዉት፤ ቀኑን ግን አልተዉትም።

ቀኑ ቅዳሜ የሆነበትም ምክንያት አለው። ዓርብ ለሐጂና ለሌሎቹ ሙስሊሞች የጁምዓ ቀን ነው፤ እሑድ ደግሞ ለክርስቲያኖቹ የቅዳሴ ቀን ነው። ስለዚህ ማንም ማንንም ሳያስቀር የሚገናኙበት ቀን ቅዳሜ ሆነ። ጧት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይገናኛሉ፤ ከቀኑ 5 ሰዓት ሳይሆን ይመለሳሉ። ስንቃቸው ቆሎ፥ ዳቦና የተቀቀለ ድንች ነው፤ ጾም ያለበትም የሌለበትም እኩል ይበላው ዘንድ የተመረጠ ነው። ረመዳን ሲገባ ግን ፔርሙዙ ቤት ይቀራል፤ ከሚጾሙት ፊት ሻይ የሚጠጣ የለም፤ መንገዱም ያጥራል።

ማኅበሩ መዝገብም ማኅተምም የለውም፤ ነገር ግን ሦስት ሕጎች አሉት። አንደኛው፥ የጉዞው ፍጥነት የሚለካው በመጨረሻው ሰው እግር ነው፤ ማንም ቀድሞ ሄዶ ሌላውን አያስጨንቅም። ሁለተኛው፥ በመንገድ ላይ ብድር አይጠየቅም፤ የገንዘብ ጉዳይ ያለው ሰው በሌላ ቀን ወደ ጓደኛው ቤት ይሄዳል። ሦስተኛው፥ ሁለት ቅዳሜ በተከታታይ የቀረ ሰው ያለ እንደ ሆነ፥ የሦስተኛው ቅዳሜ መንገድ ወደ እርሱ ቤት ነው። ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ሕግ ወደ ኋላ እመለሳለሁ፤ የአሳቤ ሁሉ መሠረት እርሱ ነውና።

አስቀድሜ ስለ መንገዱ ጥቂት ልናገር። የምንኖርበት ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የአዲስ አበባ የምዕራብ በር ነው። በስተ ሰሜን እንጦጦ፥ በስተ ምዕራብ 3,385 ሜትር ከፍታ ያለው የወጨጫ ተራራ ይታያል። ትንሹ አቃቂ የሚነሣው ከዚያው ከወጨጫ ወገን ነው። ሽማግሌዎቹ ተራራውን ልውጣ አይሉም፤ በግርጌው ባሉት ኮረብታዎችና በገበሬዎቹ ማሳ ዳር በሚያልፉት ቀጫጭን መንገዶች ይሄዳሉ። ኦሮምኛ የሚችሉት ከገበሬዎቹ ጋራ ቆመው ስለ ዝናቡና ስለ ሰብሉ ይነጋገራሉ፤ የማይችሉት አጠገባቸው ቆመው ያዳምጣሉ። አዝመራ የረገጠ ሰው ይወቀሳል።

አንዳንድ ጊዜ እስከ ቡራዩ በታክሲ ሄደን ከዚያ በእግር እስከ ገፈርሳ የውኃ ግድብ እንደርሳለን። ብዙዎቻችን የገፈርሳን ውኃ እየጠጣን ያደግን ስንሆን፥ ግድቡን በዓይናችን ያየን ግን ጥቂቶች ነን። በዳሩ ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ ሀገር የማይገኘው ክንፈ ሰማያዊ ዝይ ሲሰማራ አይቻለሁ። በዓመት አንድ ቀን ደግሞ ገንዘብ አዋጥተው ሚኒባስ በመከራየት ወደ መናገሻ ሱባ ደን ይወርዳሉ። የጽድ ዛፉ ዘር በ15ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ በአንኮበር አጠገብ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን መጥቶ እንደ ተተከለ ይነገራል። የታሪክ መምህሩ ይህን ከአንድ ትልቅ ጽድ ሥር ቆመው ሲያስረዱ የሰማሁትን በክፍል ውስጥ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ባላስታወስሁት ነበር።

ኮልፌ ለእግር ጉዞ እንግዳ እንዳልሆነችም ከእነርሱ ተምሬአለሁ። በ1954 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ፥ ኔልሰን ማንዴላ በኮልፌ ይገኝ በነበረው የፖሊስ ፈጥኖ ደራሽ ጦር ሰፈር ወታደራዊ ትምህርት ይማሩ ነበር። ትምህርቱ ለ6 ወር የታሰበ ሲሆን፥ ከ8 ሳምንት በኋላ ወደ ሀገራቸው እንዲመለሱ ተጠሩ። ማንዴላ ስለዚሁ ጊዜ በሕይወት ታሪካቸው ሲጽፉ፥ ጠመንጃ፥ ጥይትና ውኃ ተሸክመው በተወሰነ ሰዓት ሩቅ ቦታ መድረስ የነበረባቸውን የእግር ጉዞ ያነሣሉ፤ የሀገራችንን ደንና ደጋ ውበት ያዩትም በዚያ ጉዞ ላይ መሆኑን ይመሰክራሉ። ያን ጊዜ የ43 ዓመት ጎልማሳ ነበሩ። ሻለቃው ይህን ታሪክ በተናገሩ ቁጥር፥ «እርሳቸው ሰዓት እየተቆጠረባቸው ሄዱ፤ እኛ ግን የሚቆጥርብን የለም፤ ቀስ እንበል» ይላሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በእግር መሄድ ወዳጅነትን የሚያጠነክረው ስለ ምንድን ነው?

የመጀመሪያው ምክንያት፥ በሥራ ላይ የሚገኝ ወዳጅነት ብዙውን ጊዜ ከሥራው ጋራ አብሮ ጡረታ ስለሚወጣ ነው። አያቴ በሥራ ላይ ሳለ ስልኩ ቀኑን ሙሉ ይጮኽ ነበር። ከወጣ በኋላ ሦስት ወር ሳይሞላ ስልኩ ዝም አለ። የደወሉለት የነበሩት ሰዎች ክፉዎች ሆነው አይደለም፤ ያገናኛቸው ጉዳይ ስላለቀ ነው። የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ለልጁ ለኒቆማኮስ ስም በተሰየመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ውስጥ ሁለት ክፍሎችን ስለ ወዳጅነት ጽፎአል። በዚያም ወዳጅነትን በሦስት ይከፍለዋል፤ ስለ ጥቅም የሚደረግ፥ ስለ ደስታ የሚደረግና ስለ መልካም ጠባይ የሚደረግ። ስለ ጥቅም የሆነው ጥቅሙ ሲያልቅ ያልቃል ይላል። መልካም ጠባይን የተመለከተው ግን ጊዜን ይጠይቃል፤ ሰዎች ብዙ ጨው አብረው ሳይበሉ አይተዋወቁም የሚለውን የሀገሩን ምሳሌም ያስታውሳል። ጡረተኞቹ ብድርን ከመንገድ ያገዱት አርስጣጣሊስን አንብበው አይደለም፤ ነገር ግን ከዚያው እውነት ላይ ደርሰዋል።

ሁለተኛው ምክንያት የመንገዱ ጠባይ ነው። የእግር መንገዱ ጠባብ ስለ ሆነ ሰው የሚሄደው ሁለት ሁለት እየሆነ ነው፤ ወንዝ ወይም ጅረት በተሻገሩ ቁጥር ጥንዱ ይለወጣል። ስለዚህ በአንድ ጧት እያንዳንዱ ሰው ከሦስት ወይም ከአራት ሰዎች ጋራ ይነጋገራል። በቤት ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጦ ለመናገር የሚያሳፍር ነገር፥ ጎን ለጎን ሲሄዱ ቀስ ብሎ ይወጣል። ዝም ማለት ሲያስፈልግም ዝምታው አይከብድም፤ እግር እየሠራ ነውና። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ታሪክ የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፥ መምህር ፍለጋ ከጎጃም ወደ ጎንደር፥ ከጎንደር ወደ ወሎ ሲጓዝ፥ በመንገድ ያገኘው ባልንጀራ ዕድሜ ልኩን ወንድሙ ሆኖ ይቀር ነበር። የአርስጣጣሊስም ተማሪዎች «ተመላላሾቹ» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። መማርና መራመድ የተዋወቁት ዛሬ አይደለም።

ሦስተኛው ምክንያት ከላይ ያቆየሁት ሕግ ነው። ባለፈው ዓመት በየካቲት ወር ከሾፌሮቹ አንዱ ሁለት ቅዳሜ ቀሩ። በሦስተኛው ቅዳሜ ጧት ሁላችንም ወደ ቤታቸው ሄድን። ባለቤታቸው «ደኅና ናቸው፤ ትንሽ ደክሟቸው ነው» ብለው በር ላይ ተቀበሉን። አባባ ግን ከውስጥ እግራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ተቀምጠው ነበር። የስኳር ሕመም አለባቸው፤ ሚስማር ወግቷቸው ሳይሰማቸው ቀርቶ ቁስሉ ከፍቶ ነበር። ቁስሉን ለማንም ማሳየት አልፈለጉም። ድሬሰሩ ጨርቁን ፈትተው አዩና፥ «ነገ አይባልም፤ አሁን እንነሣ» አሉ። በዚያው ጧት ወደ ሐኪም ተወሰዱ። ሐኪሙም ጥቂት ቀን ዘግይተው ቢሆን ኖሮ እግራቸውን ለማትረፍ እንደሚያስቸግር ነገራቸው። ከአራት ወር በኋላ አባባ ሰፊ ሸራ ጫማ አድርገው ተመለሱ፤ እነሆ ዛሬ የጉዞውን ፍጥነት የሚወስኑት የመጨረሻው ሰው እርሳቸው ናቸው።

የተከበራችሁ አንባብያን ሆይ፤ ይህን ነገር በጥሞና ተመልከቱልኝ። የእኒህ አባት ልጆች በውጭ ሀገር ይኖራሉ፤ በየወሩ ገንዘብ ይልካሉ፤ ጧሪ አላቸው። የሁለት ዕድር አባል ናቸው፤ ቀባሪም አላቸው። ነገር ግን ቁስሉን ገንዘቡም አላየውም፤ ዕድሩም ሊያየው የሚችለው ዘግይቶ ነበር። ያዩት መቅረታቸውን የቆጠሩ ወዳጆች ናቸው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፥ አንድ ሰው ብቻውን ደብቆ የያዘው ሕመም ሲካፈሉት ቀለለ።

የሳይንስ ሰዎችም ይህን አሳብ ይደግፉታል። በአሜሪካ ሀገር በሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1938 የተጀመረ አንድ ጥናት 724 ወንዶችን ከወጣትነታቸው ጀምሮ እስከ እርጅናቸው ተከታትሎአል። በ50 ዓመታቸው ከሰዎች ጋራ ባላቸው ግንኙነት ይበልጥ የረኩት፥ በ80 ዓመታቸው ይበልጥ ጤነኞች ሆነው ተገኙ። የዓለም የጤና ድርጅት በሰኔ 2017 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፥ በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱ በብቸኝነት እንደሚጠቃ፥ ብቸኝነትም በዓመት ከ871,000 በላይ ከሆነ ሞት ጋራ እንደሚያያዝ ገልጾአል። ያው ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ ሽማግሌዎችን ጨምሮ ለዐዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ የአካል እንቅስቃሴ እንደሚያስፈልገው ያስረዳል። የሽማግሌዎቻችን የቅዳሜ ጉዞ፥ የዕረፍቱ ጊዜ ሲቀነስ፥ ከ150 ደቂቃ አያንስም። ለዚህም ከፔርሙዝ ሻይና ከቆሎ በቀር ወጪ የለበትም። ደመወዙ ወደ ጡረታ አበል ለተለወጠ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በአሳቤ ላይ ተቃውሞ እንደሚነሣ ዐውቃለሁ። አንዳንድ ወላጆች፥ «ተማሪ ትምህርቱን ይማር፤ ሽማግሌን ማጀብ የ12ኛ ክፍልን ፈተና አያሳልፍም» ይላሉ። የእነርሱ ስጋት ከፍቅር የመነጨ ስለ ሆነ አከብረዋለሁ። ነገር ግን ሳምንት 168 ሰዓት ነው፤ የቅዳሜው ጉዞ ከዚህ ውስጥ ከአምስት ሰዓት አይበልጥም። በስልካችን ላይ አንገታችንን ደፍተን የምናሳልፈው ከዚህ እንደሚበልጥ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚህም በላይ ያው የጤና ድርጅት ለእኛ ዕድሜ በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ያዛል። ትምህርትን በሚመለከት ደግሞ፥ የዳገትን ቁልቁለት በዓይንና በሁለት እንጨት መገመትን ከአያቴ የተማርሁት በኮረብታ ላይ ነው፤ ትሪጎኖሜትሪ በክፍል ሲመጣ የማውቀው ሰው መጣ እንጂ እንግዳ አልመጣብኝም።

ሌሎች ደግሞ፥ «ሽማግሌ ቤቱ ተቀምጦ ይረፍ፤ ይጸልይ» ይላሉ። ማረፍ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ማረፍና መረሳት አንድ አይደሉም። ከመንደሩ ያልወጣ ሽማግሌ ቀስ በቀስ ከአጥሩ አይወጣም፤ ከአጥሩ ያልወጣም ከአልጋው አይወጣም።

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ግን ከገዛ አያቴ፥ ከሴቷ አያቴ፥ የመጣ ነው። «እናንተ ወንዶቹ ስትሄዱ እኛስ?» አለችኝ። እርስዋም 28 ዓመት በአስተማሪነት አገልግላ ጡረታ የወጣች ናት። የቤት ሥራ ግን ጡረታ አያውቅም፤ ቅዳሜ ጧት አያቴ ከዘራውን ሲያነሣ እርስዋ ምጣድ ትጥዳለች። እውነቱን ለመናገር ለዚህ ጥያቄ የሚያረካ መልስ ከሽማግሌዎቹ አልሰማሁም። የእኔ አሳብ ይህ ነው፤ ሴቶች ጡረተኞች የራሳቸው ቀንና መንገድ ይኑራቸው፤ የልጅ ልጆች በዚያ ጧት ቤቱን እንጠብቅ፥ ምጣዱንም እኛ እንጣድ። ይህ ካልሆነ ስለ ወዳጅነት የምንናገረው ግማሽ ብቻ ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ ያሳስበኛል። እኔ መሄድ በጀመርሁበት ዓመት የባቄላ ማሳ የነበረው ቦታ ዛሬ ቤት ተሠርቶበታል፤ ወደ ወንዙ ያስወርድ የነበረውም የእግር መንገድ በቆርቆሮ አጥር ተዘግቶአል። ቡራዩ ራሱ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሸገር ከተማ አካል ሆኖአል። ከተማ ማደጉ አይቀርም፤ ሰውም ቤት ያስፈልገዋል። በመካከለኛው ከተማ በኮሪደር ልማት የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ለሽማግሌ እግር ምን ያህል እንደሚመቹ አይቻለሁ። በምዕራቡ ዳርቻም ቤቶቹ ሁሉ ተሠርተው ሳያልቁ ወደ ኮረብታውና ወደ ወንዙ የሚወስዱት ጥቂት መንገዶች በፕላን ላይ እንዲቀመጡ የሚመለከታቸውን ሹማምንት በትሕትና እለምናለሁ። የተዘጋ መንገድ ሲዘጋ ማንም አያለቅስለትም፤ የሚታወቀው ሰዎች መገናኘት ሲተዉ ነው።

እንግዲህ ለትምህርት ቤታችን የማቀርበው አሳብ አጭር ነው። በወር አንድ ቅዳሜ ከየክፍሉ ፈቃደኛ የሆኑ 10 ተማሪዎች፥ ወላጆቻቸው በጽሑፍ ፈቅደው፥ ከአንድ መምህር ጋራ ከሰፈሩ ጡረተኞች ጋራ ይሂዱ። እያንዳንዱ ተማሪ ከአንድ አባት ወይም ከአንዲት እናት ጋራ ይጣመር፤ የሰማውንም በደብተሩ ይጻፍ። በሚመጣው ዓመት ይህ መጽሔት ከደብተሮቹ መርጦ ሊያትም ይችላል። ወጪው ዳቦ ብቻ ነው።

ለክፍል ጓደኞቼም አንድ ቃል አለኝ። ሁላችንም በቤታችን ወይም በጎረቤታችን ጡረታ የወጣ ሰው አለን። ሰላምታ ሰጥተን እናልፋለን፤ እርሱም «እደጉ» ብሎ ይመርቀናል፤ ነገሩ በዚያ ያበቃል። በሚመጣው ቅዳሜ ግን ቆም ብላችሁ፥ «አባባ፥ ዛሬ ወዴት እንሂድ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጫማውን እስኪያደርግ በትዕግሥት ጠብቁት፤ ከእርሱም ቀድማችሁ አትራመዱ።